ውሃ በተባለበት ሁሉ

ቧንቧዋ ደርቆ በሰነበተባት አንዲት ከተማ፣ የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ለድረ ገጹ የቃል መፈለጊያ ሶፍትዌር አስገጠመ። ኃላፊው አቶ መንበሩ ሶፍትዌሩን ለገጠመችው ባለሙያ አንድ ትእዛዝ ብቻ ሰጡ፦ «ሰው ‹ውሃ› ብሎ በጻፈ ቁጥር፣ መጀመሪያ የእኔ ስምና ፎቶ ይውጣ።» እሷም እንዳሉት አደረገች።

በምረቃው ዕለት የክብር እንግዳው በትልቁ ስክሪን ፊት ቆመው «ውሃ የሚጠፋበት ምክንያት» ብለው ጻፉ። ወዲያው አቶ መንበሩ ከነከረባታቸው ፈገግ ብለው ብቅ አሉ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ።

አቶ መንበሩ ግን አልሳቁም።

«አንቺ ልጅ፣ ስህተቱ ምን እንደሆነ እዚሁ እንግዶቹ ፊት ታስረጃለሽ። አለዚያ ከነገ ጀምሮ ሥራ የለሽም።»

ባለሙያዋ ሥራዋን ትፈልገዋለች፤ ጥፋቱን በራሷ ላይ ልትወስድም ዳድቷት ነበር። ሆኖም አስረጂ ከተባለች ማስረዳት ነበረባት። ሶፍትዌሩን ከፍታ አየችና ቀና አለች።

«ጌታዬ፣ ስህተት አላገኘሁም። ‹ውሃ በተባለበት ሁሉ ልውጣ› ብለው አዘዙ፣ ወጡ። ‹ውሃ ሲመጣ ብቻ ልውጣ› ብለው ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬም ፎቶዎን ያየ ሰው ባልኖረ ነበር።»