የሽብሩ ታቹ

እኛ አዋሽ ውስጥ ሰው ውለታ ሲዘነጋ የምትጣል አንዲት አባባል አለች። የዛሬ ልጆች ዝም ብለው ይሏታል፤ ከየት እንደመጣች ቢጠየቁ አያውቁም። እኔ አውቃለሁ፤ በእሷ ሰበብ መጀመሪያ የተሰደብኩት እኔ ነኝና።

ጎረቤቴ ውድነሽና ባሏ ሽብሩ ልጅ አልወለዱም። ሽብሩ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በባቡር ጣቢያው ቡፌ ቤት ወጥ ሠሪ ነበር። እዚያ የለመደውን ጣፋጭ ቡና እሁድ እሁድ ለሚስቱ ይሠራላታል። የእንቁላል አስኳል ከስኳር ጋር እስኪነጣ በሹካ ይመታና ብርጭቆ ውስጥ ገልብጦ፣ ከጀበናው ትኩስ ቡና ቀስ አድርጎ ያፈስበታል። አስኳሉ አረፋ ሆኖ ላይ ይቀመጣል። ያለቻቸው ዶሮ አንዲት ስለሆነች ብርጭቆውም ሁልጊዜ አንድ ነው። «እንዳታማስዪው» ብሎ አስቀድሞ ለእሷ ይሰጣታል፤ ግማሹ ላይ ስትደርስ ተቀብሎ የቀረውን እሱ ይጨርሳል።

ውድነሽ በዚህ ቅር ይላት ነበር። ልክ ሲጥመኝ ይቀማኛል፣ ሆዳም ነው እያለች ለእኔ ታማዋለች። እሱ ሲሰማ ይስቃል እንጂ አንድ ቀን መልሶላት አያውቅም።

ሽብሩ በሁዳዴ አጋማሽ ሞተ። ከቀብሩ በኋላ ውድነሽ እህል አልዋጥላት አለ፤ አፏ የሚፈልገው ያንን ቡና ብቻ ሆነ። ጾም ነው፣ እንቁላል አይነካም። ድምፁን እየረሳሁት ነው፣ ፋሲካ እስኪደርስ ደግሞ ጣዕሙ ከአፌ ይጠፋል ብላ አለቀሰች። ምን ልበላት? አብሬያት አለቀስኩ።

የፋሲካ ዕለት ከእኔ ሱቅ የገዛችውን ቡና አፍልታ፣ ክንዷ እስኪዝል አስኳሉን መትታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን ብርጭቆ ብቻዋን ልትጠጣ ተቀመጠች። ላዩ ያው የሽብሩ ነው። ከግማሽ በታች ግን መረራት፤ አተላው ጥርሷ ውስጥ ገባ። በማግስቱ ደገመችው፤ ያው ነው። በሦስተኛው ቀን ብርጭቆውን እንደያዘች ደጄ ላይ ቆመችና ያረጀ ቡና ሸጠሽ የባሌን ጣዕም አጠፋሽብኝ ብላ ሰው እስኪሰበሰብ ሰደበችኝ። እኔም ዝም የምል ሴት አይደለሁምና የሚገባትን መለስኩላት።

ጩኸቱን ሰምተው አባባ ኢብሳ መጡ። በቡፌው ከሽብሩ ጋር ሃያ ዓመት ሳህን ያጠቡ ሽማግሌ ናቸው። ብርጭቆውን ከእጇ ተቀብለው ታቹን ቀመሱት።

«ቡናው ምንም አልሆነ» አሉ። «ታቹ ድሮም እንዲህ ነው። ሽብሩን ለምን አማስላችሁ እኩል አትካፈሉም ብዬው ነበር። 'ካማሰልኩት የእሷም ይመርባታል' አለኝ።»

ውድነሽ ደጃፌ ላይ ቁጭ አለች።

«ሠላሳ ዓመት ይህን ጠጣ?» አለች።

ብርጭቆውን ከሽማግሌው ተቀበለችና የቀረውን ከነአተላው ቀስ እያለች ጨረሰችው። የሽብሩ ድርሻ መሆኑን አውቃ የቀመሰችው ያን ቀን ነበር፤ እንባዋ ሲወርድ አልጠረገችውም።

አባባ ኢብሳም ባዶውን ብርጭቆ ከእጇ ወስደው እንዲህ አሉ፦ «አዬ ልጄ፣ አረፋውን ያጠጣሽ አተላውን ጠጥቶልሻል።»