ባዕድ አዘነ

እንግዲህ ጠጋ በሉና ስሙ። ይህ ወንዝ ገና ስም ሳይወጣለት፣ የእኔም አያት ለመወለድ ተራ ሳይደርሳቸው ነው። ከቆላው ጫፍ ሰንበሌጥ ማዶ የምትባል መንደር ነበረች። በዚያች መንደር ጦይባ የምትባል ሴት ነበረች። የሸህ ልጅ አልነበረችም፣ ባለ ከራማም አልነበረችም። ማሽላ ጠባቂ ነበረች። አሁን ከመካከላችሁ አንዱ ደግሞ ለማሽላ ጠባቂ ምን ይወራላታል ሊለኝ ነው። ቆይ፣ አትቸኩል።

ባሏ ሞቶባታል። ልጅ አላገኘችም። ከእርሻው መሃል በእንጨት የተሠራ ከፍ ያለ ማማ ነበር፤ እዚያ ወጥታ በወንጭፍ ወፍ ታባርራለች፣ ዝንጀሮ ታባርራለች። ማሽላው ሲታጨድ መንደሩ ድርሻዋን ይሰጣታል። በዚያ ትኖራለች። አንዲት የምትታለብ ላምም ነበረቻት።

አንድ ቀን አንድ መንገደኛ መጣ። መሽቶብኛል አሳድሪኝ አለ። አበላችው፣ አጠጣችው፣ ቁርበት አነጠፈችለት። ስሙን ግን አልጠየቀችውም። ያን ጊዜ እንግዳን ስምህ ማነው ማለት ነውር ነበር፤ ምነው ፈራሽኝ እንዴ ያሰኛል። ሲነጋ እንግዳውም የለም፣ ላሟም የለችም። ቁርበቱን እንኳ አልተወላትም። ደግሞ ያ ሰውዬ በመጨረሻ ተጸጽቶ ይመጣል ብላችሁ እንዳትጠብቁ። አልመጣም። ማን እንደሆነም እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

ከዚያ ወዲያ ጦይባ ሰው ማመን ተወች። ጎረቤት እሳት ልጫር ብሎ ሲመጣ እጁን እጁን ታያለች። ልጆች ሲስቁ በእኔ ነው ትላለች። ሁለት ሰው ቆሞ ሲያወራ ስለ ፍየሎቼ ነው ትላለች፤ ከላሟ በኋላ የቀሯት ጥቂት ፍየሎች ነበሩና። በሩን ዘግታ ትወጣለች፣ ተመልሳ መዘጋቱን ታያለች፣ ደግሞ ትመለሳለች። መንደሩም በተራው እሷን መጠርጠር ጀመረ። ይህች ሴት እንዲህ የምትጠብቀው ምን ደብቃ ነው አሉ። መቼም ጥርጣሬ እንዲህ ነው፣ አንዱ ሲያስነጥስ ሁሉንም ይይዛል።

ሁሉም ቀርቶ ሰላቷ ተበላሸባት። ለሰላት ትቆማለች። ከኋላዋ ኮሽ ይላል፣ ትዞራለች፣ ሰላቱ ይፈርሳል። እንደገና ትቆማለች። ፍየሏ ታስነጥሳለች፣ ትዞራለች፣ ይፈርሳል። ነፋስ ማሽላውን ያንኮሻኩሸዋል፣ ትዞራለች፣ ይፈርሳል። ጸሐይ ትገባለች፣ እሷ ገና የአስርን፣ የተሲያቱን ሰላት አልጨረሰችም። ላሜንስ ሰው ወሰዳት፣ ሰላቴን ማን ወሰደብኝ እያለች ታለቅስ ነበር።

በመንደሩ ቁርኣን የሚያስቀሩ፣ ማንበብ የሚያስተምሩ ማለት ነው፣ ሸህ ኑርዬ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ወደ እሳቸው ሄደች። ስትደርስ ለሐጅ ሊወጡ ስንቃቸውን ቋጥረው፣ ጓዶቻቸው መንገድ ላይ ቆመው አገኘቻቸው። የዚያ ዘመን ሐጅ በእግር ነው። የሄደ ሰው ይመለሳል ተብሎ አይጠበቅም፤ ይቅር በለኝ ይቅር ይበልህ ተባብለው ነው የሚለያዩት።

«ሸህዬ፣ ልቤ አላርፍ አለኝ» አለቻቸው። «አንድ ሰላት፣ አንድ ብቻ፣ ሳልዞር ሰግጄ ልሙት።»

ሸህ ኑርዬ አዘኑላት። አጠር ያለች ቃል ከቁርኣን አስያዟት፤ ኢነ ባዕደ ዘኒ ኢስም የምትለዋን። ልብሽ በጠረጠረ ቁጥር ይህቺን በይ፣ የጌታሽ ቃል ናት አሏት። ትርጉሟን ሊነግሯት አፋቸውን ሲከፍቱ ጓዶቻቸው ጸሐይ በረታች እያሉ ጮሁባቸው። ሄዱ። የማታውቁ ካላችሁ እኔ ልንገራችሁ፤ አንዳንዱ ጥርጣሬ ወንጀል ነው ማለት ነው። ያመናችሁ ሆይ ከጥርጣሬ ብዛት ራቁ ከሚለው ቀጥሎ የሚመጣ ነው።

ጦይባ ዐረብኛ ከየት ታምጣ። ማማዋ ላይ ወጥታ ቃሏን እያላመጠች ዋለች። ባዕደ ሲል ባዕድ ማለቱ ነው አለች። ዘኒ ሲል አዘነ ማለቱ ነው አለች። ኢስም ሲል ስም ማለቱ ነው አለች። ባዕድ አዘነ፣ ስም። ገባኝ አለች። ባዕድ ሰው የሚያዝነው ስሙን የሚጠይቀው ሲያጣ ነው፣ ጌታዬ ስሙን ጠይቂው እያለኝ ነው አለች። ሳቁ፣ ሳቁ። እኔም መጀመሪያ ስሰማው ስቄያለሁ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ የጌታዬ ትእዛዝ ነው ብላ ያዘችው።

ብዙም ሳይቆይ በቀትር አንድ ሰው ማሽላው ውስጥ ሲገባ አየች። ጎንበስ ብሎ፣ ግራ ቀኙን እያየ ነው የገባው። እንዲህ የሚገባ ሰው ደግሞ ለምን እንደሚገባ ይታወቃል። ወንጭፏን አነሳች። ድንጋይ ጎረሰች ወንጭፏ። ልትለቅ ስትል ቃሏ ትዝ አለቻት። ባዕድ አዘነ አለች። ወንጭፏን ሳታወርድ፣ አንተ ሰው ስምህ ማነው ብላ ጮኸች።

ከማሽላው ውስጥ የሰውዬው ድምፅ ብቻ መጣ። «ይማም ነኝ እናቴ፣ ሆዴን አሞኝ ነው። እባክሽ ወዲያ ዙሪልኝ!»

ስትዞር የኖረች ሴት፣ ዙሪ ብሎ የለመናት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ዞረችለት። ሲጨርስ ወጥቶ አመሰገናትና መንገዱን ቀጠለ። ጦይባ አሁንም ልቧ አላመነም፤ ወርዳ አገዳውን እየዳሰሰች የተቆረጠ እሸት ፈለገች። አላገኘችም። የቀትሩን ሰላት ቆመች። ኮሽ አለ። ዞረች። ሰላቱ ፈረሰ። ግን በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ ሳቀች።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ከሩቅ አገር የመጣች ሸክላ ሠሪ ከመንደሩ ዳር ጎጆ ቀለሰች። ወዲያው የአንዱ ላም ወተቷ ነጠፈ። የአንዷ ልጅ ታመመ። ሰው ምን እንዳለ ታውቃላችሁ፤ ዓይኗ ነው አሉ፣ ትበላለች አሉ። ገንቦዋን የሚገዛት ጠፋ። ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ሴቶቹ ልጆቻቸውን በነጠላቸው ይሸፍናሉ። ያቺ ይሏታል። ያቺ መጣች፣ ያቺ ሄደች። ጦይባም ፈርታታለች፣ አልዋሻችሁም። ፍየሎቿን ከዚያ ወገን እንዳይግጡ ከልክላለች።

ግን ቃሏ አላስቀምጥ አለቻት። ባዕድ አዘነ አለች። ሄደችና ከጎጆዋ ደጅ ቆማ ስምሽ ማነው አለቻት። ሸክላ ሠሪዋ ደነገጠች። ጭቃ በነካው እጇ አፏን ሸፈነች። ስሜን ምን ልታደርጊበት ነው አለች። እውነቷን ነው፣ ስም ይዞ ሄዶ ድግምት የሚያስደግም ሰው ሞልቷል። እንግዲህ ጠርጣሪዋ ጦይባ እሷው ተጠረጠረች። ለካ እንዲህ ያማል እንዴ አለች በልቧ። ቆማ ቆማ፣ የራሴን ስም አስቀድሜ ልስጥሽ፣ ጦይባ እባላለሁ አለቻት። ያኔ ሸክላ ሠሪዋ እጇን ከአፏ አወረደች።

«አያልነሽ» አለች። «እዚህ አገር ከመጣሁ ወዲህ ስሜን ከሰው አፍ አልሰማሁትም። ረስቼው ነበር ልልሽ ነው።»

ሁለቱም አለቀሱ። ጦይባ ገንቦ ገዝታ፣ በዚያው ገንቦ ውኃ ቀድታ፣ በመንደሩ መሃል አቋርጣ ሄደች። እጃቸውን ባያነሱባትም ብዙ ተናገሯት። የታመመው ልጅ በኋላ ዳነ፤ የዳነው በምን እንደሆነ አላውቅም። አያልነሽ ብለው የሚጠሯት ሰዎች ግን እየበዙ መጡ። ገንቦውን በገዛችበት ቀን ጦይባ ለአስር ሰላት ቆመች። ኮሽ አለ። አንገቷ አልዞረም። ዓይኗ ግን ሾልኮ ወደ ጎን ሄደ። አሁንም ልቤ እዚያው ነው ብላ አዘነች።

ሦስተኛውን ስሙ። መንደሩ በሙሉ ገበያ ወርዶ ጦይባ ብቻዋን ነበረች። ፍየሎቿ ከማማው እግር ታስረዋል። አንድ ሰው መጣ። ትከሻው ላይ ልብሱ ተቀድዷል፣ በሄደ ቁጥር ወደ ኋላው ያያል። እንጀራ አቀረበችለት፣ ሲበላ አላኘከም፣ ዋጠው። ከምትሰግድበት ቦታ በስተቀኝ ጥላ ነበርና እዚያ አስቀመጠችው። የራሷን ስም ነገረችው፣ የእሱን ጠየቀችው። እንደገና ወደ ኋላው አየ። ከዚያ ኡስማን አለ።

ኡስማን ብላ ጠራችው፣ ቀና አላለም። ኡስማን ውኃ ልጨምርልህ አለችው፣ አልሰማም። ይህ ሰው ኡስማን አይደለም አለች በልቧ። ዓይኑ ፍየሎቹን ይቆጥራል። ልጆቼ፣ አሁን የጠረጠረችው ልክ ነው። ያ ላሟ የጠፋችበት ማለዳ ተነሳባት። እነዚያ ፍየሎች ከሄዱ ለክረምቱ ምንም የላትም። የአስር ሰላት ሰዓት ደግሞ ደረሰ።

ወንጭፏን ይዛ ቁጭ ማለት ትችል ነበር። ውዱእ አደረገች፣ ለሰላት ታጠበች። ፊቷን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አዞረች፣ ፍየሎቹ ከኋላዋ ሆኑ። ቆመች።

ሰውዬው ሲነሳ ሰማች። ከኋላዋ ሲሄድ ሰማች። ገመድ ሲፈታ ሰማች። ፍየሏ ጮኸች። ልቧ ዙሪ አላት፣ አንገቷ ዙሪ አላት፣ ጆሮዋ ዙሪ አላት። ለሱጁድ ወደቀች፣ ግንባሯ መሬት ነካ። እዚያው መሬቱ ላይ ሆና አሰበች። ላሚቱም ሄደች፣ ፍየሎቹም ይሂዱ። ይህቺ ሰላት ግን የእኔና የጌታዬ ናት፣ ይህቺን ማንም ገመድ ፈትቶ አይወስዳትም አለች። ያኔ ልቧ አረፈ። ኮሽታው አልጠፋም፤ ሰማችውና ተወችው። ስንት ዘመን የፈለገችው ነገር ገብቶ ደረቷ ላይ ተቀመጠ። ቀና አለች፣ ደግማ ወደቀች፣ ጨረሰች። ሰላት ሲያልቅ ወደ ቀኝ ዞሮ ሰላም ማለት ግዴታ ነውና፣ ወደ ቀኝ ዞራ አሰላሙ አለይኩም አለች። ወደ መንገዱ መውጫው በዚያ ነበርና ሰውዬው በስተቀኟ ደርሶ ቆሟል። ገመዱ በእጁ ነው፣ ፍየሏ በገመዱ ጫፍ ናት። ሰላምታው ፊቱ ላይ አረፈ። መሄድ አቃተው።

ጦይባ ወደ ገመዱ አላየችም። ወደ ግራም ሰላም አለች። እጇን ዘርግታ ዱዓ ጀመረች። ያ አላህ፣ ኡስማንን ካሳደደው ነገር ጠብቀው። ኡስማንን ከአገሩ አግባው። ኡስማንን ከእናቱ አገናኘው። ከዚያ ወደ ሰውዬው ዞረች።

«አሚን በል እንጂ» አለችው።

«አሚን ማለት አልቻልኩም» አለ። «ዱዓው ለሌላ ሰው እየሄደ ነው። እኔ ኡስማን አይደለሁም።»

«አውቄያለሁ። ታዲያ ማን ልበል?»

ገመዱን ለቀቀ። መሬት ላይ ቁጭ አለ። «አሊጋዝ በዪ» አለ።

እጇን እንደገና ዘረጋች። ካሳደደው ነገር ጠብቀው ካለችው ጀምሮ፣ እናቱን እስካለችው ድረስ፣ ሁሉንም ከመጀመሪያው በአሊጋዝ ስም ደገመችው። አሊጋዝም አሚን አለ። ጮክ ብሎ ነው ያለው ይላሉ። ፍየሏን ራሱ አሰራትና ሄደ። አንዳንዶች እዚያው ቀርቶ ማሽላ ጠባቂ ሆነ ይላሉ። እኔ አላምንም። ተረት ማሳመር የሚወዱ ሰዎች የጨመሩት ነው።

ዓመታት አልፈው ሸህ ኑርዬ፣ ሞተዋል ከተባሉ በኋላ፣ ከሐጅ ተመለሱ። ጦይባ የጌታን ቃል ባዕድ አዘነ እያለች ነው ብለው የመንደሩ ሰዎች ነገሯቸው። አስጠሯት። ምን እንደምትል ሲሰሙ ጺማቸው እስኪርገበገብ ሳቁ፣ ከዚያ ትክክለኛውን ትርጉም ነገሯት። ጦይባ ግን ፊቷ ዐመድ መሰለ።

«ታዲያ ያቺ ሰላቴ ተበላሽታለች ማለት ነው?» አለች። በዕድሜዋ እንዲያ እየፈራች የጠየቀችው ነገር አልነበረም።

ሸህ ኑርዬ ሳቃቸውን ተዉት። ሁሉንም አስነገሯት፣ ከይማም እስከ አሊጋዝ። ከዚያ፣ ሰላትሽ ሰላት ነው አሏት። ቃሏን ዛሬ እናቃናለን፣ ልብሽን ግን ጌታችን ቀድሞ አቃንቶታል አሏት። እስኪመሽ አስቀሯት፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ በትክክል ቀራችው። ስም መጠየቁን ግን አልተወችም፣ እሳቸውም ተይ አላሏትም።

እኛ የዚያች መንደር ሰዎች ነን። ለዚህ ነው እንግዳ ሲመጣ የራሳችንን ስም ነግረን የእሱን የምንጠይቀው። ሌላ አገር ነውር ነው፣ እኛ ዘንድ አይደለም። የሰላት ሰዓት ሲደርስ በስተቀኛችን እናስቀምጠዋለን፣ የመጀመሪያዋ ሰላምታ እሱ ላይ እንድታርፍ። ከብቱን ከኋላችን እንተወዋለን፣ አንዞርም። ስንጨርስ በስሙ ዱዓ እናደርግለታለን። ይጠፋብናል ወይ? አዎ፣ አንዳንዴ ይጠፋል። ባለፈው ክረምት እንኳ የእኔ ወጠጤ ሄዷል። እንግዳው ሰይድ ነኝ ብሎን ነበርና ለሰይድ ዱዓ አደረግን። እውነተኛ ስሙ መሆኑን እንኳ እጠራጠራለሁ።