ለአንድ ካርቶን አምፖል

መኪና የሚገጣጠምበት ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ የሆኑት አቶ ቀጸላ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም። ጠዋት አምፖል ጎደለ ሲባሉ ግዙፉን ተሳቢ ለአንድ ካርቶን አምፖል ሞጆ ደረቅ ወደብ ይልኩታል፤ ከሰዓት ደግሞ መስታወት ጎደለ ሲባሉ ያንኑ ተሳቢ መልሰው ይልኩታል።

አንድ ቀን ጭስ ስለመቀነስ ስብሰባ ጠሩና የተሳቢውን ሹፌር በእንግዶች ፊት አስነሷት።

"አንቺ ሴትዮ! ከሁሉም መኪና የበዛው ጭስ ያንቺ ነው። ምክንያትሽን ተናገሪ፤ አለዚያ ቁልፉን አስረክበሽ ወደ ቤትሽ!"

ሹፌሯ በእንጀራዋ እንደመጡባት ገባት። ቢሆንም እጅ ነሥታ እንዲህ አለች፦

"ጌታዬ፣ የሠርግ እንግዶቹን ለየብቻ፣ አንዱን ሰው ባንድ አውቶቡስ እያመላለሰ የሚያስመጣ ደጋሽ፣ ሰፈሩ በአቧራ ሲታፈን የሚቆጣው ሹፌሩን ነው?"