«ደህና ነኝ» ያለው ሻንሲ

ኑ፣ ጠጋ በሉ። ደስ የሚል ተረት የፈለገ ግን አሁኑኑ ይነሳ፤ ኋላ እንዳትወቅሱኝ። ይህ ነገር የሆነው ብረትም እንደ ከብቱ አፍ በነበረው ጊዜ ነው። ያን ጊዜ መኪና ታወራ ነበር፣ ጎማ ያጉረመርም ነበር፣ ዝገትም ምክር ይሰጥ ነበር። ምክሩን የሰማ ግን ወዮለት።

በዚያን ጊዜ፣ ቆላው ወለል ብሎ በሚታይበት በአንድ የደጋ ከተማ ጫፍ፣ አቶ ጥላዬ የሚባል ሰው ነበረ። ሚስቱ ወይዘሮ እታፈራሁ ትባላለች። ግቢያቸው ውስጥ አንድ በግ፣ አንዲት ላም፣ አንዲት በቅሎና አንዲት ዶሮ አሉ። ከግቢው ጥግ ደግሞ አንዲት አሮጌ ስቴሽን ዋገን መኪና ቆማለች። ጀርባዋ ረጅም፣ ሆዷ ሰፊ ነው። በደህናው ጊዜ ሙሽራ አምጥታለች፣ ምጥ የያዛት ሴት ሐኪም ቤት አድርሳለች፣ ሬሳም ተሸክማለች። ወይዘሮ እታፈራሁንም ከቆላ፣ ከአባቷ ቤት፣ በሙሽርነቷ ያመጣቻት እሷ ናት። አሁን ግን ሞተሯ ነክሶ አልዞር ብሏል፣ ጎማዋ ተበልቷል፣ ሣሩ እስከ በሯ ድረስ ውጧታል። ከሥሯ ዶሮዋ እንቁላል ታቅፋለች።

አንድ ቀን ከቆላ የወጣ ነጋዴ መልእክት ይዞ መጣ።

«እህትሽ ዘርፌ ታማለች» አላት ወይዘሮ እታፈራሁን። «ከአልጋ ከዋለች ሰንብታለች። ‹የእህቴን ዓይን ሳላይ አልሙት› ትላለች።»

ወይዘሮ እታፈራሁ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠረገችና ወደ ባሏ ዞረች።

«በቅሎዋን ጫንልኝ» አለችው።

«በበቅሎ?» አለ አቶ ጥላዬ። «በመኪና ያመጣሁሽን ሴት በበቅሎ ልመልስሽ? የአባትሽ አገር ሰው ምን ይለኛል? ‹ጥላዬ አለቀለት› ሊሉኝ ነው። ትንሽ ታገሺኝ። መኪናዋን እዚሁ ግቢያችን ውስጥ በገዛ እጄ አድሳታለሁ። ክረምቱ ገብቶ መንገዱ ሳይዘጋ አደርስሻለሁ።»

«ዘርፌስ ትጠብቀኛለች ወይ?»

«ትጠብቅሻለች» አላት።

ትጠብቃታለች ብሎ የነገረው ሰው የለም። እሱ ግን በወጣትነቱ ሾፌር የነበረ፣ ብረት የሚያውቅ ሰው ነውና በራሱ ተማመነ። እጅጌውን ሰብስቦ ወደ መኪናዋ ሄደ፤ እንደ አገሩ ደንብም ከሰላምታ ጀመረ።

«ሞተር፣ እንደምን አለህ?»

«እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። መንከሴ ነው እንጂ» አለ ሞተር።

«ጎማዎች፣ እንደምን አላችሁ?»

«እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነን። መበላታችን ነው እንጂ» አሉ ጎማዎች።

ከዚያ በደረቱ ተኝቶ ከመኪናዋ ሥር ገባ። እዚያ አባ ሻንሲ አለ። ሻንሲ ማለት መኪናዋን ከፊት እስከ ኋላ የሚሸከማት የብረት አጥንት ነው። ጭቃና የድሮ ቅባት እንደ ጋቢ ተከናንቧል።

«አባ ሻንሲ፣ እንደምን አሉ?»

«እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አለ አባ ሻንሲ። ሌላ ነገር አልጨመረም።

እንግዲህ ልብ በሉ። «ደህና ነኝ» ብሎ «እንጂ» የሚጨምር ሰው አንድ ነገር እየነገራችሁ ነው። «ደህና ነኝ» ብሎ ዝም ያለውን ግን በመዶሻ ማንኳኳት ነው። አቶ ጥላዬ መዶሻው በእጁ ነበር። ነገር ግን ፈጣሪውን ያመሰገነ ሽማግሌ በመዶሻ ሲመታ አይቶ አያውቅምና አፈረ። መዶሻውን ይዞ ወጣ፤ በጉንም ጎትቶ በጎማ ሊለውጠው ተነሣ።

ገመዱን ሊያመጣ ወደ ቤት ሲገባ ዶሮዋ ቀና ብላ አየች። ጀርባዋ ላይ ቀይ ዱቄት ይረግፍባታል።

«አባ ሻንሲ፣ ገላዎ እየረገፈ ነው» አለች።

«ዝም በይ ልጄ» አለ አባ ሻንሲ። «ወገቤን አያ ዝገት ከበላው ከራርሟል። ይህ ጭቃ ነው የያዘኝ።»

«ታዲያ ምነው ደህና ነኝ አሉ?»

«ምን ልበል? ‹እንደምን አሉ› ሲሉት በሽታውን የሚዘረዝር ሽማግሌ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ዶሮዋ ለመኪናዋ ነገረች፣ መኪናዋ ለበጉ፣ በጉ ለላሟ፣ ላሟ ለበቅሎዋ። ሁሉም ደነገጡ። ሁሉም «እንንገረው» አሉ። ይህን ጊዜ ከሻንሲው ወገብ ውስጥ አንድ ለስላሳ ድምፅ ተሰማ። አያ ዝገት ነው።

«መንገሩስ ይነገር፣ እኔ ምን ቸገረኝ» አለ አያ ዝገት። «ግን ዛሬ? የሚስቱ እህት ታማ፣ ሚስቱ ዓይኗ ሳይደርቅ፣ በሐዘን ላይ ሐዘን ልትጨምሩበት? እናንተ እኮ ሆደ ሩኅሩኅ ናችሁ። ትንሽ ይረጋጋ።»

«እውነቱን ነው» አሉ። በጉ ተጎትቶ ሄደ፤ አዳዲስ ጎማዎች መጡ። እነሱ ዝም አሉ። አያ ዝገትም አንድ ጉርሻ ጎረሰ።

ሰነባበተና ሌላ መንገደኛ ከቆላ ወጣ። «ዘርፌ እህል መቅመስ ትታለች» አለ።

«ጥላዬ፣ በበቅሎ ልሂድ» አለች ወይዘሮ እታፈራሁ።

«ጎማው ገብቷል እኮ። ሞተሩ ብቻ ነው የቀረው» አላት። ላሟንም በሞተር ሊለውጣት ተነሣ። ላሟ የምትታለብ ላም ናት። አቶ ጥላዬ አንገቷን አቅፎ ቆመና ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«አሁንስ እነግረዋለሁ» አለች ላሟ በሹክሹክታ። «እኔ ሄጄ በከንቱ ከምቀር ልንገረው።»

«ንገሪው» አለ አያ ዝገት። «ግን ፊቱን እይው። አንቺን ሊሰጥ ሆዱ እየተቆረጠ ነው። በዚህ ሰዓት ‹ልፋትህ ከንቱ ነው› ማለት ሰውን ቆሞ መግደል ነው። ሆዱ ይርጋለት፣ ከዚያ መኪናዋ ትነግረዋለች።»

ላሟ መኪናዋን አየቻት። መኪናዋም «እሺ፣ እኔ እነግረዋለሁ» አለቻት። ላሟም ሄደች። እነሱ ዝም አሉ። አያ ዝገትም ሁለተኛ ጉርሻ ጎረሰ።

አቶ ጥላዬ ከተገጨ መኪና የወጣ ሞተር አመጣ። ሲፈታ ዋለ፣ ሲያጥብ ዋለ፣ ሲገጥም ዋለ። በመጨረሻ ቁልፉን ቢያዞረው ሞተሩ አጉረመረመ፣ ሳል ሳል አለውና ተነሣ። አቶ ጥላዬ እንደ ጎረምሳ ግቢውን በሩጫ ዞረው። ጎረቤቱ ሁሉ በአጥር ላይ ተንጠልጥሎ አየ።

«እንግዲህ እንሂድ» አለች ወይዘሮ እታፈራሁ። ቋጠሮዋን ይዛ ቆማለች።

«ወንበሯ እንደተቀደደ? መስታወቷ እንደተሰበረ? ቀለሟ እንደ እከክ እየተላጠ?» አለ አቶ ጥላዬ። «ዘመዶችሽ ፊት እንዲህ ሆነን አንደርስም። በቅሎዋን ልስጥና አስጊጫት ልምጣ። መኪና ካለን በቅሎ ለምናችን ነው?»

«በቅሎዋ እንኳ ትቆይ።»

«ለምንሽ?»

ለምኗ እንደሆነ አላወቀችም።  ዶሮዋ ግን በሩጫ ወደ በቅሎዋ ሄደች።

«እመት በቅሎ፣ አንቺን ይሰማሻል። ዛሬ ካልነገርሽው አለቀ። ወይዘሮዋን ተሸክመሽ ልታደርሻት የምትችይ አንቺ ብቻ ነሽ።»

በቅሎዋ አፏን ከፈተች። አያ ዝገት ከወዲያ ሳቅ አለ።

«ንገሪው እንጂ» አላት። «እውነት ነው። ግን እኔ አንቺን ብሆን እፈራ ነበር። ‹እንዳትሸጥ ብላ ሰበብ ፈጠረች› ይሉሻል። ስንት ዘመን በቅንነት ካገለገልሽበት ቤት በሐሜት ልትወጪ?»

በቅሎዋ አፏን ዘጋች። ጆሮዋን ጣለች።

«ስሜ አይነሣም» አለች። «አንቺው ንገሪው።»

«እኔማ ትንሽ ነኝ» አለች ዶሮዋ። «ትልልቆቹ ዝም ብለው እኔ ብቀድም ባለጌ እባላለሁ። መኪናዋ ትንገረው።»

«እንዴት አድርጌ?» አለች መኪናዋ። «ደስ ብሎት አያችሁት አይደል? ይጨርስ። ቀለሙን ሲጨርስ እነግረዋለሁ።»

በቅሎዋም ተሸጠች፤ ሩቅ አገር የሚሄዱ ነጋዴዎች ይዘዋት ሄዱ። እነሱ ዝም አሉ። አያ ዝገትም ሦስተኛ ጉርሻ ጎረሰ፤ የዚህ ጊዜው ጉርሻ በሁለት እጁ ነው።

አቶ ጥላዬ መኪናዋን ሰማያዊ ቀለም ቀባት። ወንበሯን አለበሳት፣ መስታወቷን ገጠመላት። እየቀባ ያፏጫል። አንድ ቀን የሰፈር ሽማግሌዎች ወደ ግቢው ብቅ አሉ። ሲያፏጭ አዩት። ስለ ዝናቡ ትንሽ አወሩ፣ መኪናዋን አመሰገኑ፣ ተያይተው ወጡ። ወይዘሮ እታፈራሁ እስከ በር ሸኘቻቸው።

«ከቆላ ሰው አልመጣም?» አለቻቸው።

«እኛ እንጃ» አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ።

የመንገዱ ቀን ደረሰ። ሰማዩ በቆላው በኩል ጠቁሯል። ጎረቤቱ ወጣ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። ወይዘሮ እታፈራሁ ለእህቷ የያዘችውን ቅቤ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ከፊት ተቀመጠች። ከግቢው በር ወዲያ የጎርፍ መውረጃ ቦይ አለ። መኪናዋ የፊት እግሮቿን ቦዩን አሻገረች። የኋላዎቹ ገና ግቢ ውስጥ ነበሩ። ያን ጊዜ ከሥር የሆነ ነገር ተሰበረ። ብዙም አልጮኸም። የመኪናዋ ሆድ መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ ግንባሯ ወደ ቆላ፣ ጀርባዋ ወደ ቤት እንዳየ መሀል ለመሀል ታጠፈች። እልልታው ተቋረጠ።

አቶ ጥላዬ በአዲሱ ልብሱ ጭቃ ላይ ተኝቶ ከሥር ገባ። የአባ ሻንሲን ወገብ በእጁ ነካው። እንደ ደረቀ ቂጣ በጣቶቹ መሀል ተፈረፈረ።

«አባ ሻንሲ፣ ምን ሆኑ?»

«ተሰብሬያለሁ ልጄ።»

«መቼ በሰበሱ?»

«ድሮ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ላስከፋህ አልፈለግሁም» አለ አባ ሻንሲ።

መኪናዋን ጠየቃት። «ደስ ብሎህ ነበር» አለችው። ዶሮዋን ጠየቃት። «ትልልቆቹ አሉ ብዬ ነው» አለችው። አያ ዝገትን አልጠየቀውም፤ ሲመክራቸው መክረሙንም አላወቀም። ዝናቡ ያን ጊዜ ጀመረ። ያለማቋረጥ ዘነበ፤ ወደ ቆላ የሚወርደው መንገድም በጎርፍ ተቆረጠ።

በማግስቱ ማለዳ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡ። ወይዘሮ እታፈራሁ ገና ከበሩ ስታያቸው አወቀችው። በዚያ ሰዓት፣ ያን ያህል ሰው ሆኖ፣ ለደህና ነገር የሚመጣ የለም።

«ዘርፌ አርፋለች» አላት አንጋፋው።

«መቼ?»

«ቆየት ብሏል።»

«መቼ ነው ያልኩት።»

ሽማግሌው ተናገረ። «ባልሽ ቀለም ሲቀባ ወሬው ደረሰን። ልንነግርሽ መጥተን ነበር። ደስ ብሎት ሲያፏጭ ብናየው ጨከን ማለት አቃተን። እዚያው ደርሳ፣ ከወገኖቿ መሀል ሆና ትስማው ብለን ተመለስን። እስከ መጨረሻው ቀን ‹መጣች ወይ› ትል ነበር አሉ።»

ወይዘሮ እታፈራሁ ደረቷን አልመታችም። ጭኗ ላይ የነበረውን ነጠላ አጠፈች፣ ዘረጋች፣ ደግማ አጠፈች። ባሏን አየችው፣ ሽማግሌዎቹን አየች፣ በመስኮት በኩል ያቺን ሰማያዊ መኪናና ከሥሯ የተኰራመተችውን ዶሮ አየች።

«ሁላችሁም አዘናችሁልኝ» አለች። «ሻንሲው በስብሷል ብትሉኝ ኖሮ ያን ዕለት አለቅስ ነበር። አልቅሼ፣ እንባዬን ጠርጌ፣ በበቅሎዬ ሄጄ ዘርፌን አገኛት ነበር።»

ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ አንድ በአንድ ወጡ። 

መኪናዋ ዛሬም እዚያው በር ላይ ናት ይባላል፤ ለመግባትም ለመውጣትም እንቅፋት ሆና። ቀለሟ እንዳማረ ነው። አያ ዝገት ሻንሲውን ጨርሶ ወደ በሮቹ ወጥቷል፤ የሚከለክለው የለም።

ተረቴ ይኸው ነው። ዳቦም ምርቃትም አልጠይቅበትም። ብቻ ከመካከላችሁ ደህና ቀን እየጠበቀ ክፉ ወሬ በሆዱ የያዘ ካለ ዛሬውኑ ሄዶ ይናገር። ክፉ ወሬ የሚነገርበት ደህና ቀን የለም፤ ቀኑ ሲጠበቅ ግን በቅሎዋ ትሸጣለች።