ከእህት ጣሪያ በላይ

በከተማችን ትንንሽ ልጆች ይዞ ቤት የሚፈልግ እንግዳ ሲመጣ፣ ሽማግሌዎቹ ስለ ቤቱ ስፋት ከማውራታቸው በፊት ጣል የሚያደርጉለት አንድ አባባል አለ። ወጣቶቹም ከአፍ ተቀብለው ይሉታል። ከየት እንደመጣ ግን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። የመጣው ከማንጠግቦሽ ነው፤ ተናጋሪዋ እሷ ባትሆንም።

ማንጠግቦሽ የአናጢው የታረቀኝ ሚስት ነበረች። ሥራ የማይከብዳት፣ ለሰው የምታዝን፣ እጇ የማይሰስት ሴት ናት። አንድ ሕመም ብቻ ነበረባት፤ እሱም ታናሽ እህቷ የውብዳር ነበረች። የውብዳር የበደለቻት ነገር የለም። ማንጠግቦሽ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች ተወለደች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤቱ ሰው ዓይን ሁሉ ወደ ሕፃኗ ዞረ። አዝላ ያሳደገቻት ማንጠግቦሽ፣ የተመሰገነችው የውብዳር። ሲዳሩም ታላቂቱ ለአናጢ፣ ታናሺቱ ለጨው ነጋዴ ሆነች። አባታቸው ለየውብዳር ጥጃ ያስከተለች ላም ሲሰጡ ለማንጠግቦሽ ምርቃት ሰጧት። «አንቺ ብርቱ ነሽ፤ ለራስሽ ታውቂያለሽ» አሏት። ይህች ቃል እንደ እሾህ ውስጧ ቀረች።

ታረቀኝ በከተማችን በሚታነጸው ቤተ ክርስቲያን ላይ ሥራ ሲያገኝ፣ ሥራው ዓመታት ስለሚወስድ ቤተሰቡን ጠቅልሎ ለመምጣት ወሰነ። ሦስት ልጆች ነበሯቸው፤ ሰባት ዓመት የሆናት አሰገደች፣ አራተኛ ዓመቱን የያዘው ስጦታው፣ ጡት ያልተወች አንዲት ሕፃን። ታረቀኝ ቀድሞ መጥቶ ሰፈሩን ሁሉ ዞረና ምንጭ በር ከሚባለው ከታችኛው ሰፈር አንድ ቤት አገኘ። ጣሪያው ሣር ነው፤ ግድግዳውም መመረግ ይፈልጋል። ግን ምንጩ ከደጃፉ ድንጋይ ቢወረውሩ ይደርሳል፤ ፊደል የሚያስቆጥሩት መሪጌታም ከአጥሩ ማዶ ናቸው። ግራና ቀኙ ሸማኔዎች ናቸው፤ ሸማኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከቤቱ አይርቅም፤ ልጅ ቢወድቅ የሚያነሳ አይጠፋም።

ማንጠግቦሽም ቤቱን አይታ ወደደችው። «ግድግዳውን እኔ እመርገዋለሁ» ብላ እጅጌዋን ልትሰበስብ ምንም አልቀራትም ነበር። በማግስቱ ግን እህቷን ልትጠይቅ ሄደች።

የውብዳር የምትኖረው እዚሁ ከተማችን፣ ጉብታ በሚባለው ከፍ ያለ ሰፈር ላይ፣ ቆርቆሮ በለበሰ፣ መስኮቱ መስታወት በሆነ ቤት ውስጥ ነበር። ማንጠግቦሽ ተቀምጣ ስትጫወት ዓይኗ ከመስታወቱ አልተነቀለም።

«እናንተስ የት ልትሆኑ ነው፣ እትዬ?» አለቻት የውብዳር።

«ታረቀኝ ምንጭ በር ቤት አይቷል።»

«ደግ አደረገ። ለልጆች ከዚያ የሚሻል የለም። እዚህ ላይ ምን አለና ነው፤ ነፋስ ብቻ።»

የውብዳር ያለችው ይህን ነው። ማንጠግቦሽ የሰማችው ግን ሌላ ነበር። ቆርቆሮው ለእኔ፣ ሣሩ ለአንቺ ያለቻት መሰላት። ተሰናብታ ስትወጣ ቀና ብላ አየች። ከእህቷ ቤት በላይ፣ ከተራራው ወገብ ላይ፣ አንድ ሹም ለቆት የሄደ ሰፊ የቆርቆሮ ቤት ብቻውን ቆሟል። ሁለት ዓመት ሙሉ የገባበት የለም።

ማታ ለባሏ «ያንን ነው የምፈልገው» አለችው።

«ያ ቤት ከውሃም ከሰውም የራቀ ነው። ከበታቹ ደግሞ ገደል አለ።»

«ውሃ የምቀዳው እኔ ነኝ። አንተ ምን ቸገረህ?»

«ልጆቹስ?»

«ልጆቹ እንደ ሰው ልጅ በቆርቆሮ ቤት ይደጉ። የእህቴ ልጆች ከኔ ልጆች በምን ይበልጣሉ?»

ታረቀኝ በሥራው እንጂ በንግግር የሚረታ ሰው አልነበረምና በማግስቱ ያንኑ ቤት ተከራየ። ዕቃቸውን ያጓጓዘላቸው የከተማው አህያ ጫኝ አባ ቢራራ ነው። ሰው ሲገባም ሲወጣም ዕቃ ሲጭን ያረጀ ሽማግሌ ነው። አህዮቹ ዳገቱን ሦስት ጊዜ እያረፉ ወጡት። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ አባ ቢራራ ዙሪያውን ቃኘና «ጎረቤት ማነው?» አለ።

«እህቴ ናት። ጣሪያዋ ያውልዎት፣ ከታች» አለች ማንጠግቦሽ።

የመጀመሪያው ሳምንት አስደሰታት። ጠዋት ጠዋት ከደጃፏ ቆማ የእህቷን ጣሪያ ቁልቁል ታየዋለች። ዕድሜዋን በሙሉ ወደ ላይ ስታይ የኖረችው አንገቷ አሁን ያረፈ መሰላት። ከዚያ በኋላ ግን ቀኖቹ ረዘሙ። እንስራ ተሸክማ ስትወጣ እሷም እንደ አህዮቹ ሦስት ጊዜ ታርፋለች። አሰገደች ከመሪጌታው ዘንድ ስትመለስ ራቷን ሳትበላ እንቅልፍ ይጥላታል። ስጦታው የሚያጫውተው ልጅ አጥቶ ከድንጋይ ጋር ያወራል።

በአምስተኛው ሳምንት ማንጠግቦሽ ቁልቁል ስታይ የአባ ቢራራ አህዮች ከየውብዳር በር ላይ ቆመው ዕቃ ይጫንባቸዋል። «ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ቤት አገኘች» አለችና አሰገደችን ላከቻት። ልጅቱ ሄዳ ተመለሰች።

«አክስቴ ምንጭ በር ገባች። አባዬ መጀመሪያ ያየው ቤት ነው፤ ግድግዳውን አስመርጋዋለች።»

ማንጠግቦሽ ደጃፏ ላይ ቁጭ አለች። የእህቷ የቆርቆሮ ጣሪያ ከበታቿ ባዶውን ያበራል፤ እሷም እሱን አታይም ነበር። ዓይኗ ከሩቅ፣ ከጭሱና ከዛፉ መሃል፣ የናቀችውን የሣር ቤት ይፈልጋል። ያ ቤት የእኔ ነበር፣ አለች በልቧ። ያንንም ወሰደችብኝ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ልጆቹን ወደ አክስታቸው ቤት እንዳይደርሱ ከለከለቻቸው። እሷም ምንጩ ጋ ስትወርድ የእህቷን ደጃፍ ማለፍ ስለማትፈልግ፣ ተራራውን በጀርባው ዞራ ከሌላ ጅረት መቅዳት ጀመረች። የራቀው ውሃ ይባስ ራቀ። ታረቀኝ ሰምቶ «ምን ነካሽ?» ቢላት «ያኛው ውሃ ይጣፍጣል» አለችው። ምንጭ በር በኩል ስትስቅ የምትሰማ ሴት ሁሉ የውብዳር ትመስላት ነበር።

ሰኔ ገባና ዝናቡ ጀመረ። አንድ ጠዋት ታረቀኝ ሥራ፣ አሰገደች ትምህርት ሄደው ሳለ፣ ማንጠግቦሽ ሕፃኗን አዝላ፣ ስጦታውን «እስክመጣ ከበሩ ንቅንቅ እንዳትል» ብላ ወደ ሩቁ ጅረት ሄደች። ስትመለስ በሩ ተከፍቷል። ልጁ የለም። ስሙን ጠራች፤ ጓሮውን ዞረች። ልጄን አይታችኋል ወይ ብላ የምትጠይቀው አንድ ሰው አጠገቧ አልነበረም። እንስራዋን ጥላ ቁልቁል ሮጠች።

ልጁ ብቸኝነቱ ሲበዛበት ወደ አክስቱ ቤት ሊሄድ ወጥቶ ነበር። ከገደሉ አፍ ላይ ጭቃው አዳልጦት ወደቀ፤ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰበረ። ከታች ሸማውን ይሠራ የነበረ ሸማኔ የልጁን ጩኸት ሰምቶ፣ ወጥቶ አቅፎ አወረደው። ወደ ማን እንደሚወስደው ቢጠይቀው ልጁ የነገረው የአክስቱን ስም ነው።

ማንጠግቦሽ መንገደኛ አመላክቷት ከየውብዳር ደጃፍ ስትደርስ ሰው ተሰብስቧል። ወጌሻው በቀርከሃ እግሩን እያሰረ ነው። ልጁ የአክስቱን ነጠላ ጨብጦ ይነፈርቃል። የውብዳር ቀና ብላ እህቷን አየቻትና «ነይ እትዬ፣ ራሱን ደግፊው። የሚፈልገው ያንቺን እጅ ነው» አለቻት።

ወጌሻው ከሄደ፣ ሰውም ከተበተነ በኋላ፣ ልጁ እንቅልፍ ወሰደው። ሁለቱ እህትማማቾች ግራና ቀኙ ተቀመጡ። ማንጠግቦሽ አዲስ የተመረገውን ግድግዳ አየችና «ቤቴን ወሰድሽብኝ» አለች።

«ባዶውን አንድ ወር ጠበቅሁልሽ።»

«እኔን ታች ሁኚ ብለሽ፣ አንቺ ላይ ሆነሽ...»

«እትዬ» አለች የውብዳር፣ ቀስ ብላ። «ላይ ነፋስ ብቻ ነው ስልሽ ምን ያልኩሽ መሰለሽ? ባሌ በዓመት አራት ወር መንገድ ላይ ነው። እዚያ ጉብታ ላይ ከልጆቼ በቀር የሚያናግረኝ ሰው አልነበረም። አንቺ ምንጭ በር ስትገቢ እኔም አጠገብሽ ቤት ፈልጌ ልወርድ ነበር ሐሳቤ። ደግሞ እንደ ድሮው ታዝይልኛለሽ ብዬ ነበር፤ እኔን ሳይሆን ልጆቼን።»

ማንጠግቦሽ ስትቀናበት የኖረችው ቤት ውስጥ እህቷ ብቻዋን ተቀምጣ እሷን ስትጠብቅ እንደነበር አስባ አታውቅም ነበር። ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

ወጌሻው «ልጁ እስከ መስከረም ዳገት አይውጣ፣ ተሸክማችሁም አታንገላቱት» ስላለ ስጦታው አክስቱ ዘንድ ቀረ። ማንጠግቦሽ ጠዋት ጠዋት በጭቃው እየተንሸራተተች ልጇን ልትጠይቅ ትወርዳለች፤ ማታ ትወጣለች። አንድ ቀን አጠገቡ ተቀምጣ ሳለ ልጁ ውሃ ጠማው። ጓዳ ያለችውን አክስቱን ተጣርቶ «ውሃ ስጪኝ» አላት። እናቱ እጇ ከእንስራው ላይ ደርሶ ነበር። ስለ ላሟና ስለ መስታወቱ የቀናችው ሁሉ ከዚያች ቅጽበት ጋር ሲተያይ ጨዋታ ሆነባት። ያን ቀን ማታ ለባሏ «ከዚህ አውርደን» አለችው።

ክረምቱ ሲወጣ ምንጭ በር ላይ የተገኘው ቤት ከሸማኔው ጓሮ ያለ፣ ጣሪያው የሚያፈስ፣ ሁለት ጠባብ ክፍል ብቻ ነበር። ታረቀኝ ጣሪያውን እያደሰ፣ ማንጠግቦሽ ጭቃ እየረገጠች፣ የውብዳር ጭድ እያቀበለቻት ሰነበቱ።

ዕቃው የሚወርድበት ቀን አባ ቢራራ አህዮቹን ጭኖ ሲያበቃ፣ ለከተማው አዲስ የሆነ አንድ ጸሐፊ ሚስቱንና ሁለት ትንንሽ ልጆቹን ይዞ የተራራውን ቤት ሊያይ መጣ። ደጃፉን፣ ጣሪያውን፣ ከበታች የተዘረጋውን ከተማ አይቶ ተደነቀ።

«እንዲህ ያለውን ቤት ለምን ትለቃላችሁ?» አለ።

ታረቀኝ ሚስቱን አየ። ማንጠግቦሽ ሕፃኗን አስተካክላ አዘለችና ቁልቁለቱን ጀመረች። መልሱን የሰጠው አባ ቢራራ ነው። የጭነቱን ገመድ አጥብቆ ሲያበቃ ወደ ጸሐፊው ልጆች ዞሮ አየና እንዲህ አለ፦ «ጌታው፣ ቤት በዓይን ያምራል፤ ሰፈር በልጅ እግር ይለካል።»