ሦስት ጊዜ የተመለሰው መኪና

ወገኖቼ፣ አንድ ሰው ነበረ። ድንጋዩን አይቶ ውሃው ስንት ሜትር ላይ እንደሚገኝ የሚናገር፣ ውጭ አገር ድረስ እየተጠራ የሚያስተምር ሊቅ። ዶክተር ይርዳው ይባላል።

ሰውና ከብት ከአንድ ኩሬ የሚጠጡበት አንድ የቆላ መንደር ነበር። የውሃ ጉድጓድ የሚቆፈርበትን ቦታ እንዲመርጥ እሱ ተላከ። የመቆፈሪያው መኪና በወረዳው የሚቆየው አንድ ወር ብቻ ነው።

ዶክተሩ መንደሩ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ባዶ ጀሪካን ያዘለች ሴት መንገዱን አቋረጠች።

«መልሰኝ» አለው ሹፌሩን። «ባዶ ዕቃ የያዘ ሰው ገዱ መጥፎ ነው። የሄድንበት አይቃናም።»

«ዶክተር፣ እርስዎም?» አለ ሹፌሩ እየሳቀ።

እሱ ግን አልሳቀም። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚፈራው ነገር ነው። ያ ሁሉ ትምህርት ይህችን ፍርሃት አልነካትም።

በሳምንቱ ሄደ። ያችው ሴት፣ ያው ባዶ ጀሪካን። ተመለሰ። በሦስተኛው ሳምንትም ሄደ። ተመለሰ። ወሩ አለቀ፤ መቆፈሪያው ወደ ሌላ ወረዳ ተሻገረ።

በአራተኛው ጉዞ መንገዱ ጭር ብሎ ነበር፤ ደረሰ። ለካ ሰዉ ሁሉ ቀብር ላይ ነው። አንዲት የአራት ዓመት ልጅ፣ የኩሬው ውሃ ሦስት ቀን አስቀምጧትና አስመልሷት፣ ሞታ ነበር። እናትየው ያችው ሴት ናት፤ ስሟ አለሚቱ።

«መኪናዎ ሦስቴ ሲዞር አይቻለሁ» አለችው። «ለምን ተመለሱ?»

ሊዋሽ አልቻለም። «ባዶ ጀሪካን ይዘሽ ስላየሁሽ ነው» አላት።

ትክ ብላ አየችው።

«ጌታዬ፣ ሞልቼ እንድቀበልዎት ውሃውን ከየት ላምጣ?»

መቆፈሪያው የተመለሰው በዓመቱ ነው። ውሃው ዶክተሩ በዚያ ጉዞው ባመለከተው ቦታ፣ በተናገረው ጥልቀት ላይ ወጣ። እውቀቱ አንድም ቀን አልተሳሳተም።

አንዳንዶቻችሁ ሳቃችሁ። በማን ነው የሳቃችሁት? መሐንዲሱ፣ ነርሷ፣ የሒሳብ መምህሩ፣ ቤታችሁን አውቀዋለሁ እኮ። በራችሁ ላይ ያንጠለጠላችሁትን ክታብ አይቻለሁ። ሠላሳ ዓመት ይህንኑ ስናገር ደክሞኛል።

በእናንተ ብቻ አይደለም የደከመኝ። ባለፈው ክረምት የታመመ ወዳጄን ልጠይቅ ስወጣ ግራ ዓይኔ ተርገበገበ። ነገ እሄዳለሁ ብዬ ተመልሼ ገባሁ። እኔ! መጽሐፉን በብብቴ የያዝኩት እኔ! በማግስቱ ስሄድ ድንኳን ተተክሎ ነበር።

እግዚአብሔር አእምሮ ሰጣችሁ፤ ፍርሃታችሁን ግን እስካሁን ለዚያ አእምሮ አላሳያችሁትም። አሳዩት። ደግሞም ዛሬ የሚጠብቃችሁ ሰው ካለ፣ እባካችሁ፣ ከዚህ ስትወጡ ወደ ቤት አትግቡ። በቀጥታ ወደ እሱ ሂዱ።