የዘርጋው ግድግዳና የግራዝማች በቅሎ

ችኩል ሰው ሥራውን ሲያበላሽ ባዩ ቁጥር የመንዝ ሽማግሌዎች ከንፈራቸውን መጠጥ አድርገው የሚጥሏት አንዲት ተረት አለች። ሰሚው ይስቃል እንጂ ከየት እንደመጣች አይጠይቅም። ከሰማይ አልወረደችም እኮ! የወጣችው ከጓሳ ተራራ ግርጌ፣ ከዘርጋው ቤት ግድግዳ ነው።

ዘርጋው ክፉ ሰው አልነበረም። እጁ ፈጣን ነው፤ አፉ ደግሞ እጁን ይቀድማል። ትዕግሥት ሲታደል ግን እሱ ገበያ ሄዶ ነበር። ቤቱን በጓሳ ሣር አሳምሮ ከደነና ግድግዳውን “ቀስ ብሎ ይመረጋል” እያለ፣ አራርቆ ያቆመው እንጨት እንዳገጠጠ አልጣሽን አገባት። የመንዝ ብርድ ደግሞ ባለጌ ነው፤ ቤቶች ብሎ አይገባም። አልጣሽ ክረምቱን ሙሉ በየቀዳዳው ጨርቅ ስትወትፍ፣ የበግ ጠጉር ባና ስትጋርድ ከርማ፣ ሳሉ ሲጠናባት ጓዟን ጠቅልላ አባቷ ቤት ገባች።

ሽማግሌ ተላከ። አባቷ ግራዝማች ሽታዬ ቁርጡን ተናገሩ። “ለኅዳር ሚካኤል እመጣለሁ። ግድግዳው ተመርጎ፣ ነፋስ የማያስገባ ሆኖ ካገኘሁት ልጄን እዚያው ትቻት እመለሳለሁ። አለዚያ ግን ሁለተኛ ደጄን እንዳይረግጥ!” ይህን ቃል ተቀብለው የመጡት የሽማግሌዎቹ አንጋፋ አያ ድንበሩ ነበሩ።

ዘርጋው አልጣሽን ይወዳታል። ከሄደች ወዲህ እህል አልዋጥለት ብሏል፤ ቤቱም አስጠልቶታል። ልማድ ግን ክፉ ነው፤ ዛሬ ነገ ሲል ቀኑ ተቃረበ። አያ ድንበሩ በደጁ ሲያልፉ ገና አፈር ሲቆፍር አገኙት።

“ምነው ዘርጋው፣ አሁን ገና?”

“ችግር የለም አያ! ደቦ ጠርቻለሁ፤ ነገ ተመርጎ ያድራል።”

“ነገ? ኧረ በሥላሴ! ጭቃው መቼ ቦክቶ? ጭድ ገብቶበት፣ በእግር ተረግጦ፣ ተከድኖ ሰንብቶ ካልሸተተ ምኑን ምርጊት ሆነው? ሲደርቅም ላዩ በእበት ይለሰናል እንጂ!”

“እኔ የምጠብቀው ሚስቴን ነው ወይስ ሽታ?” አላቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቅንቀው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

የባሰው ደግሞ ጭዱ ነው። የከረመ ጭድ አልነበረውምና በወጉ ያልተወቃ ገብስ ከነዛላው ከአውድማ አፍሶ ጭቃው ውስጥ ዘረገፈው። የደቦው ሰዎች “አንተ፣ ይሄ እኮ ፍሬ አለው!” ቢሉት፣ “ታዲያ ምን አለበት? ግድግዳውም ይጥገብ!” አለ። ሳቁ፤ መረጉ፤ ጠላቸውን ጠጥተው ሄዱ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ዘርጋው ማለዳ ሲወጣ ግድግዳው አረንጓዴ ለብሶ ጠበቀው። ቡቃያ! ወይ ጉድ! ደንግጦ አንዱን ቢነቅል ጭቃው አብሮት ተገነጠለ፤ ዙሪያውን ገልመጥ ብሎ አይቶ በምራቁ መልሶ ለጠፈው። “በቃ ይደግ እንግዲህ” አለና ተወው።

ሚካኤል ደረሰ። ግራዝማች ዳማ በቅሏቸውን ተቀምጠው፣ አልጣሽና አያ ድንበሩ ተከትለዋቸው መጡ። ግራዝማች ልጓሙን ሳብ አድርገው ግድግዳውን ትክ ብለው አዩት።

“ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?”

“አዲስ አመራረግ ነው ጌታዬ። በግስ ብትሆን ይህን ብርድ የምትችለው ጠጉር ስላላት አይደል?”

አያ ድንበሩ ሳቅ ሲያፍናቸው ጊዜ ሳል አስመሰሉት። ዘርጋው ግን እንግዳውን ቶሎ ለማስገባት ሲጣደፍ በቅሎዋን ግድግዳው ሥር ካለችው ካስማ ላይ አሰራት። ከግቢው ማዶ ዛፍ ነበር፤ ማን እዚያ ድረስ ይሄዳል?

ውስጡ ሞቅ ብሏል። ግራዝማች መዳፋቸውን በግድግዳው ዙሪያ አስጠግተው ነፋስ ፈለጉ፤ ሽው የሚል የለም። ጋቢያቸውን ላላ አድርገው ተቀመጡና ጠላ ተቀዳላቸው። አልጣሽ ፍርዱን ሳትሰማ አልቀመጥ ብላ በሩ አጠገብ ቆማለች። ዘርጋው ዓይኑን ከሷ መንቀል አቃተው።

“ሙቀቱስ ሙቀት ነው” አሉ ግራዝማች በመጨረሻ። “ሐሰት አይነገርም። እንግዲህ ልጄ፣ ነይ ቁጭ...”

ቀርጨም፣ ቀርጨም የሚል ድምፅ አቋረጣቸው።

“አይጥ አለ እንዴ?”

“ቤት ሲሞቅ አይጥ መች ይጠፋል ጌታዬ!” አለ ዘርጋው፣ ላቡ እየመጣ።

ይህን እንዳለ የጭቃ ጓል ከግራዝማች ትከሻ በላይ ተንዶ ጠላቸው ውስጥ ቦጭ አለ። ብርሃን ገባ፤ ብርሃኑን ተከትሎ ያ የታወቀው ብርድ ገባ፤ ከዚያ የዳማዋ በቅሎ አፍንጫ በእንጨቶቹ መሃል ብቅ አለ፣ ከንፈሯ ላይ የገብስ ቡቃያ ተንጠልጥሎ።

አልጣሽ በነጠላዋ አፏን ያዘች፤ አልሆነላትም፤ ሳቋ ቤቱን ሞላው። ሳቁ ግን ወዲያው ሳል ሆነ፣ ነፋሱ እሷ የቆመችበት ድረስ ይመጣል። ዘርጋው ስታስል ሲሰማ አፈረ፤ ከልቡ አፈረ።

“ጌታዬ፣ ትንሽ ቀን ይስጡኝ።”

“በቅሎዬን ግብር አበላህልኝ፤ እግዜር ይስጥህ” አሉ ግራዝማች ብድግ እያሉ። “ልጄን ግን ሜዳ ላይ አላሳድርም።”

“እኔ የጠላሁት ብርዱን ነው እንጂ አንተን አይደለም” አለችው አልጣሽ። “በደንብ የተመረገ ቤት ሲኖርህ ያኔ ላክብኝ። ያኔም አባዬ እሺ ካለ ነው።”

ዳማዋ ማዕዷን አልለቅም ብላ በስንት ጉተታ ተላቀቀች። ዘርጋው በዚያው በቀዳዳው አጮልቆ ሚስቱ ዳገቱን ስትወጣ አየ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ወደ ሽማግሌው ዞረ።

“አያ፣ ምን ይሻለኛል?”

አያ ድንበሩም ጠላቸውን ጨለጥ አድርገው፣ “ምን ልበልህ ልጄ፤ ጭቃ ሳያቦካ የመረገ፣ ቤቱን የበቅሎ ቀለብ አደረገ” አሉት።